ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ

ልጄ፣ ሁለተኛ ዲግሪሽን ጨርሰሽ ምርምር ማዕከል መቀጠርሽን፣ የምታጠኚውም ከብቶቻችን የሚያወጡትን ሚቴን መሆኑን አባትሽ ሲነግረኝ በጣም ደስ አለኝ። አንቺም ደውለሽ «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» አልሽኝ። እኔ ዕድሜዬን በበረትና በመኖ ማሳ መካከል የጨረስኩ ሰው ነኝ። የአንቺን ዘመን መሣሪያ በእጄ አልያዝኩም፤ ላሟንና ባለላሟን ግን አውቃቸዋለሁ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ ላሟን እንደ ወንጀለኛ አትዪያት። ዛሬ ስለ አየር ንብረት በተወራበት ሁሉ ከብት ክስ ይቀርብበታል። ቁጥሩን አልክድም። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ጥናት የሰው ልጅ ከሚለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ 18 በመቶው ከእንስሳት እርባታ እንደሚመጣ ጻፈ። በ2013 ያው ድርጅት 14.5 በመቶ አለ፤ በ2023 ደግሞ 12 በመቶ ገደማ። በእነዚህ ዓመታት የዓለም ከብት አልቀነሰም፤ የተለወጠው በዋናነት የስሌቱ መንገድና የተሰበሰበው መረጃ ነው። ይህን ስነግርሽ ቁጥሩን ናቂው ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር ሠሪ አለው፤ ከሠሪዎቹ አንዷ አንቺ ነሽ፤ ክብደቱ ይሰማሽ።

በአገራችንም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ አገሪቱ በ2010 ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ውስጥ 65 ሚሊዮን ያህሉን በእንስሳት ስም አስፍሮታል። በዳልጋ ከብት ብዛት ከአፍሪካ የሚስተካከለን የለም፤ ከ60 ሚሊዮን በላይ አለን። ግን የአገሬው ላም በቀን ሁለት ሊትር እንኳ ሳትሞላ ትውላለች፤ ብዙው ሕፃን ወተት የሚያየው በበዓል ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ያንቺ ሥራ የሚገባው እዚህ መሀል ነው፦ ጋዙ በሚበዛበትና ወተቱ በሚያንስበት በዚያው በረት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። አንቺ ከእኔ አብልጠሽ የምታውቂውን ነገር ላንሳ፤ የማነሳውም ለገበሬው እንዴት እንደምታስረጂው ስለማስብ ነው። ላም የበላችው ሣር በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ በጥቃቅን ተሕዋስያን ይብላላል። ከመብላላቱ የሚወጣውን ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አገናኝተው ሚቴን የሚያደርጉ ሌሎች ረቂቅ ፍጡራን አሉ። ጋዙ የሚወጣውም ብዙ ሰው እንደሚመስለው በኋላዋ ሳይሆን በአፏ፣ በግሳት ነው። ከመኖው ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ገበሬው አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ አቅርቦ፣ በሚያፈስ እንስራ ውሃ እንደቀዳ ሰው ከድካሙ ከፊሉ ቤት ሳይደርስ ይቀርበታል።

እንግዲህ ቀበሌ ወርደሽ ስትናገሪ ከዚህ ጀምሪ። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ያሞቃል፣ በአየር ላይ የሚቆየው ግን 12 ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነ ዛሬ ቢቀነስ ውጤቱ ቶሎ ይታያል የሚለው ለሚኒስቴሩ ስብሰባ ጥሩ ነው። ጭዱ ሊያልቅበት ለተቃረበ ገበሬ በሚያዝያ ወር ይህን ብትነግሪው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆንበታል። የሚባክነው መኖው ግን የራሱ ነው። ስለ እሱ ስትነግሪው ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ስለ መኖ ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ ሁሉም ነገር የሚታሰረው እዚህ ነውና። አብዛኛው ከብታችን የሚኖረው በጤፍና በስንዴ ጭድ፣ በበቆሎና በማሽላ አገዳ፣ እንዲሁም በተጋጠ የወል መሬት ላይ ነው። ጭድ ጨጓራ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ቶሎም አይፈጭም፤ ስለዚህ ብዙ ጋዝ ይወጣበታል። በጋ ሲገባ ደግሞ እሱም ያልቃል። ናይሮቢ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ ማዚንጊራ በተባለው ማዕከል ውስጥ የቦረና ሰንጋዎችን በትንፋሽ መለኪያ ክፍል አስገብተው፣ ሰውነታቸውን ለማቆየት ከሚያስፈልጋቸው እጅግ ያነሰ መኖ እየሰጡ ለኩ። እንደዚያ የተራበው ከብት፣ በቀን የሚለቀው ጠቅላላ ጋዝ ቢያንስም፣ በእያንዳንዱ ኪሎ መኖ ልክ ሲሰላ የሚለቀው ሚቴን ከፍ ብሎ ተገኘ። ያቺው ትንሽ መኖ እንኳ ሥጋ ወይም ወተት ሳትሆን ትባክናለች ማለት ነው። እኔ በየበጋው አጥንቷ ሲቆጠር ያየኋትን ላም ሁሉ ያስታወሰኝ ጥናት ነው።

መድኃኒቱን ሩቅ አትፈልጊው። ደሾ ሣርን እዪ። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ የተስፋፋ የአገራችን ሣር ነው፤ በእርከን ጫፍ ሲተከል አፈሩን ይይዛል፣ ታጭዶ ከብት ይቀልባል። አዲስ አበባ ያለው የኢልሪ የመኖ ዘር ባንክ ደግሞ ከ1,000 በላይ ከሆኑ የዕፅዋት ዓይነቶች የተሰበሰቡ ወደ 19,000 የሚጠጉ ናሙናዎች አሉት። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት እዚያ ሂጂና ቁሚ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ከውጭ የሚመጣውን ከረጢት ከመክፈትሽ በፊት በእጃችን ያለውን እወቂው። ትሪሉሰርን ለደጋ፣ ሰስባንያ ለወይና ደጋ፣ የዝሆን ሣር ውሃ ላለበት፤ ድርቆሹ ሣሩ ሳይደርቅ በአበባው ሰዓት ቢታጨድ የሚጨምረው ጥቅም፤ የኑግ ፋጉሎና ፉሩሽካ በልክ ሲሰጥ የሚያመጣው ለውጥ። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው ይሉሻል። የታወቀ ከሆነ ገበሬው ለምን አልያዘውም? የምርምር ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በዩሪያ በታከመ ጭድ ላይ በየወረዳው ብዙ ዓመት ሥልጠና ተሰጥቷል። ሳይንሱ ትክክል ነው፤ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ ከብቱ ይወደዋል። ግን ብዙ ቦታ አሠልጣኙ ሲሄድ አብሮት ሄደ። ለምን ብለሽ ብትጠይቂ፣ ዩሪያው ለማሳው ራሱ አልበቃም፤ ጭዱን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ዋጋ አለው፤ ውሃው ደግሞ ከሩቅ ይመጣል። ውሃውን የምታመጣው ማን ናት?

እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪኝ። በገጠር ቤት ጥጃ የምታስረው፣ በረት የምትጠርገው፣ የምታልበው፣ ወተቱን ንጣ ቅቤ የምታወጣው በአብዛኛው ሴቷ ናት። የቅቤው ገንዘብም ከጥንት ጀምሮ የእሷ ጓዳ ነው። ባለሙያ ሲመጣ ግን ለስብሰባ የሚጠራው አባወራው ነው። ወተቱ ለማኅበር መሸጥ ሲጀምር ሒሳቡ በባል ስም ሲከፈት አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሴቲቱ ለላሟ የነበራት ትጋት ቀነሰ፤ ማን ይፈርድባታል? ከብትን አስሮ መቀለብም ቢሆን ለመሬቱ ጥሩ፣ ለጋዙ ጥሩ ነው፤ ግን ሣሩን አጭዶ የሚሸከመው ሰው ካልተጠየቀ ድካሙ በሙሉ በእሷ ጀርባ ላይ ይወድቃል። የምትሠሪው መኖ ሚቴንን ቀንሶ የእሷን ቀን ካረዘመ አትቀበለውም፤ መቀበልም የለባትም። ስለዚህ በጥናት ቅጽሽ ላይ ከሊትርና ከግራም ጎን አንድ ዓምድ ጨምሪ፦ የሴቲቱ ሰዓት። በምርምር ጉባኤ ይህን ዓምድ የሚያጣጥል አለቃ ቢገጥምሽ አጥብቀሽ ተከራከሪ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

አሁን ወደ መለካቱ ልምጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለው ተረት ለአንቺ ሙያ የተተረተ ይመስለኛል። ለረጅም ጊዜ የአፍሪካ አገሮች የከብቶቻቸውን ልቀት ሲያሰሉ፣ ለአንድ ራስ ከብት ይህን ያህል ተብሎ የተቀመጠውን አንድ የመነሻ ቁጥር በከብቱ ብዛት ያበዙ ነበር። ቁጥሩ ሲወጣ ከእኛ በረት የተለካ መረጃ እንደልብ አልነበረም። በዚህ ስሌት ከብት የተሻለ ቢመገብም፣ ብዙ ቢታለብም፣ ጥጃ ቶሎ ቢደርስም፣ ወረቀቱ ላይ አንድም ነገር አይለወጥም፤ የሚለወጠው የከብቱ ቁጥር ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ብቻ ነው። እስቲ አስቢው፤ ገበሬው ያሻሻለው ነገር ሁሉ የማይታይበት ሚዛን! አገራችን አሁን በዕድሜ፣ በፆታና በአረባብ ለይቶ ወደሚያሰላው ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተሻግራለች። ያ ስሌት ግን የሚመገበው እንደ አንቺ ያለ ሰው ከሜዳ በሚያመጣው ክብደት፣ የወተት መጠንና የመኖ ጥራት ነው።

ቆሞ መለካት ምን እንደሚያሳይ የኬንያው ሥራ ይመስክር። እዚያ የከብት እበትና ሽንት በግጦሽ መሬት ላይ ሲቀር የሚያወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ሌላ ሙቀት አማቂ ጋዝ ከዓለም አቀፉ የመነሻ ቁጥር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አርብቶ አደሮች ከብት ያሳድሩበት የነበረና ትተውት የሄዱት በረት ግን፣ ፍጉ ተከማችቶ ስለሚቀር፣ ለዓመታት ብዙ ጋዝ ሲለቅ ተገኘ፤ ያን ማንም በሒሳቡ አልጻፈውም ነበር። በአንዱ ተበድለን በሌላው ዕዳ ተረስቶልን ኖሯል። እውነቱ ሁለቱም ነው። የሚጠቅመንን ብቻ መርጠሽ እንዳታትሚ አደራ።

ስትለኪ በዓይን አትገምቺ። የደረት ዙሪያ ሜትር ጥሩ ነው፤ ሚዛን ይበልጣል። የፕሮጀክት መኪና የሚደርስበት መንደር ብቻ አትሂጂ፤ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ከብት ከሸለቆው ውስጥ ካለው የተሻለ መኖ ይበላል፣ የአገሩ መልክ እሱ አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት ሣር በሞላበት ወቅት ብቻ ለክተሽ ዓመቱን አትጻፊ፤ የካቲትም ሚያዝያም ተመለሺ፣ ክረምት ጭቃውም ቢሆን አይከልክልሽ። ማስታወሻሽን በዚያው ቀን ጻፊ፤ ማታ አስታውሳለሁ አትበዪ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ተረቱ ሞኙን ቢነቅፍም እኔ ወረቀቱን አመሰግነዋለሁ። የሞከርሽው መኖ ምንም ለውጥ ካላመጣም እንደዚያው ብለሽ አሳትሚው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አንቺ የደበቅሽውን ውድቀት ሌላ ወጣት ተበድሮ ይደግመዋል።

ለአንድ ኪሎ ወተት ስንት ኪሎ ጋዝ የሚለው ስሌት ይመጣብሻል። ፋኦ ከኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ጋር በ2017 ባወጣው ጥናት፣ የኢትዮጵያ ወተት በአማካይ በኪሎ 24.5 ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ እንደሚያስወጣ ተሰልቷል፤ የዓለም አማካይ ከሦስት ኪሎ በታች ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ መንገዱንም ያሳያል፤ ጥጃ ቶሎ ብትደርስ፣ ላም በየዓመቱ ብትወልድ፣ ወተቷ ቢጨምር እጅግ ይወርዳል። ግን ያቺ ላም ወተት ብቻ አትሰጥም። ወንድ ልጇ ያርሳል። እበቷ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋግራል፣ ፍግ ሆኖ ጓሮ ያለማል። ልጅ ሲታመም ትሸጣለች። ይህን ሁሉ አገልግሎት ትቶ ዕዳውን በሙሉ በወተቷ ላይ የሚጭን ሒሳብ ፍርደ ገምድል ነው። ሆኖም ይህን ሰበብ አድርገሽ አትደበቂ። እያንዳንዷ ላም ብትሻሻልም ብዛቱ እያደገ ከሄደ ጋዙ ይጨምራል። ገበሬ ከብት የሚያበዛው ስለሚሞትበት፣ በሬ ስለሚያስፈልገው፣ ባንክም ስለሌለው ነው። በቦረና በ2012 የተጀመረው፣ የግጦሹን ሁኔታ በሳተላይት እያየ የሚከፍለው የከብት መድን ያንቺ ሙያ ባይመስልም ያንቺ ጉዳይ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹን ጎረቤት አድርጊያቸው።

ከብት ስለሚገድለው በሽታም በአጭሩ ልበል። ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ክፉ ቀን ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ሰውን በረሃብ ፈጀ። ያ በሽታ በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ እዚህ ለመድረስ በአፋር በረሃ ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የሠለጠኑ ክትባት ሰጪዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ዛሬም የሞተች ጊደር ለዓመታት በልታና ጋዝ ለቃ አንድም ሊትር ሳትሰጥ ሄደች ማለት ነው። የእንስሳት ሐኪሙን ሥራ ከሚቴን ሥራ ለይተሽ አትዪው።

አዲስ ነገር ሲመጣ ደግሞ አትናቂ፣ አትስከሪም። ኤርትራ ተወልደው ያደጉት ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ክብረአብ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ አስፓራጎፕሲስ የተባለውን ቀይ የባሕር አረም ለሰንጋዎች በጥቂቱ ቀላቅለው ሰጡ፤ በ2021 በታተመው በዚህ የ147 ቀን ሙከራ ሚቴኑ እስከ 82 በመቶ ቀነሰ። የዚህን አካባቢ ልጅ በዓለም ፊት እዚህ ደርሶ ማየት ያኮራል፤ ጽሑፎቻቸውን አንድ በአንድ አንብቢ። ቦቫየር የሚባለው ቅመም በአውሮፓ በ2022፣ በአሜሪካ በ2024 ተፈቅዶ የወተት ላሞችን ሚቴን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ግን እነዚህ በየቀኑ ከተመጠነ መኖ ጋር የሚደባለቁ ናቸው። የቢሾፍቱና የሆለታ የወተት እርሻዎች ሊያስቡባቸው ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሚውለው ከብት በየትኛው ገበታ ይቀርቡለታል? በአረሙ ውስጥ ያለው ብሮሞፎርም የተባለ ንጥረ ነገር በወተትና በላሟ ጤና ላይ የሚኖረው ነገርም በጥንቃቄ የሚታይ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ዲቃላ ላምም እንደዚያው፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአርሲ በስዊድን ድጋፍ በነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አካባቢ ብዙ ጥሩ ነገር አምጥታለች፤ መኖና ሕክምና በሌለበት ግን ባለቤቷን ታከስራለች። ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የምትቋቋመው የሸኮ ዝርያም በማዳቀል ከጠፋች በገንዘብ አትመለስም።

ትዕግሥትን ከሰገነት ቀለሙ ተማሪ። ፍኖተ ሰላም ተወልደው፣ ዓለማያ ተምረው፣ በኮሎምቢያ በሚገኘው ሲያት የተባለ የምርምር ማዕከል ከ1992 እስከ 2007 ድረስ የመኖ ሣር በሽታዎችን፣ በተለይ የብራካሪያን፣ አጥንተዋል። ብራካሪያ መነሻው አፍሪካ ነው፤ ላቲን አሜሪካ ሄዶ ተሻሽሎ ሰፊ ግጦሽ ሆነ፤ አሁን ወደ እኛ እየተመለሰ ነው። አንዱ ዝርያ ከሥሩ በሚለቀው ንጥረ ነገር አፈር ውስጥ ናይትሮጅን ወደ ጋዝ እንዳይለወጥ ያዘገያል። እሳቸውም በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ሊመሩ ተሾሙ፤ በ2014 የሎሪያልና ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጣቸው። አንድ ሣር ላይ ለዓመታት መቀመጥ ያሳፍራል ብለሽ አታስቢ። ለጋሹ የሦስት ዓመት ገንዘብ ይሰጥሻል፤ ጊደሯ ግን ተወልዳ እስክትወልድ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ከአንዱ ገንዘብ ወደ ሌላው ስትሻገሪ ላሞቹን አትቀያይሪ፣ እነዚያኑ ተከተያቸው።

የመጀመሪያውን ዓመትሽን እንዲህ ብታደርጊው ደስ ይለኛል። አንድ ወረዳ ምረጪ። ሀብታሙንም፣ ድሃውንም፣ እማወራዋንም ጨምረሽ ቤቶችን ያዢ። በየወሩ ከብቱ ምን እንደበላ፣ ማን እንዳመጣው፣ ስንት እንደታለበ ጻፊ። ጥናቱ ሲያልቅ፣ ለመጽሔት ከመላክሽ በፊት ሰዎቹን ሰብስበሽ በቋንቋቸው አንብቢላቸው፤ የየራሳቸውን ላም ውጤት በወረቀት ስጫቸው። ወተት የጨመረላት ጎረቤቷን ትጠራለች። ያልጨመረላት ደግሞ ለምን እንዳልጨመረ እዚያው ትነግርሻለች፤ ያኔ እስክሪብቶሽን አውጪና ጻፊው፣ የሁለተኛው ዓመት ጥናትሽ ከእሱ ይነሳል።